"አውቶማቲክ ነው" ሲሏችሁ የትኛው አውቶማቲክ? ኤ.ኤም.ቲን ከሌሎቹ ካምቢዮዎች ለይቶ መምረጫ

ታናሽ እህቴ መኪና ልትገዛ ስትነሳ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው። አውቶማቲክ ይሁን። ደላላው በሩን ከፍቶ ፔዳሎቹን አሳያት። ሁለት ናቸው። "ይኸው፣ ፍሪሲዮን የለውም" አላት። ገዛች።

በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ደወለችልኝ። ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ቆማለች። ከፊቷ ያለው ሚኒባስ ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደገና ይቆማል። እሷ ደግሞ ፍሬን ከመርገጥ ይልቅ ነዳጅ በትንሹ እየሰጠች መኪናውን ዳገቱ ላይ አንጠልጥላ ይዛው ነበር። አክስታችን በቪትሷ እንደዚያ ስታደርግ አይታለች። በመሃል የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ዳሽቦርዱ ላይ የማርሹ ፊደል ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አልሄድ አለ።

ስደርስ ሽታው ገና ከመንገዱ ማዶ ተቀበለኝ። ማንዋል የነዳ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። የፍሪሲዮን ሸራ ነው፤ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውና የሚያለያየው። "ፍሪሲዮን የለውም አላሉኝም እንዴ?" አለችኝ። ፍሪሲዮኑማ አለ። የሌለው ፔዳሉ ነው።

ያ መኪና ኤ.ኤም.ቲ የሚባለው ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሰው ሴሚ አውቶማቲክ ይለዋል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ሮቦቲ ሲሉት ትሰማላችሁ። የፋብሪካ ስሙም ብዙ ነው። ቶዮታ ኤም.ኤም.ቲ ይለዋል፣ ሱዙኪ ኤ.ጂ.ኤስ፣ ኦፔል ኢዚትሮኒክ፣ ፊያት ዱዋሎጂክ። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ማንዋል ካምቢዮ ነው፣ ማርሹን የሚቀይረው ግን ሮቦት ነው። መጥፎ ነገር አይደለም። ችግር የሚመጣው እንደ ሌላው አውቶማቲክ ቆጥረው ሲገዙትና ሲነዱት ነው።

ውስጡ ምን አለ?

ማንዋል መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ እዚህም አለ። ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ብረት፣ ቮላኖው፣ አለ፣ የፍሪሲዮን ሸራ አለ፣ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ አለ፣ አምስት ወይም ስድስት ማርሽ ያለው ተራ ካምቢዮ አለ። የተጨመሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በእናንተ ግራ እግርና ቀኝ እጅ ፈንታ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ሌላው መቼ መሥራት እንዳለበት የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው።

መሣሪያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ በትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ይሠራል፤ አንዱ ፍሪሲዮኑን ይገፋል፣ ሌሎቹ ማርሹን ይመርጣሉ፣ ያስገባሉ። ኢዚትሮኒክ እንዲህ ነው። ሌላው በዘይት ግፊት ይሠራል። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ዘይቱን ያምቃል፣ የታመቀው ዘይት ፍሪሲዮኑንም ማርሹንም ያንቀሳቅሳል። የጣሊያኖቹ ዱዋሎጂክና ሴሌስፒድ በዚህ መንገድ ናቸው። የዚህ አሠራር ዘር የመጣው ከውድድር ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ናይጀል ማንሴል የብራዚልን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ማርሹን ከመሪው ኋላ ባለ መቀየሪያ እየቀየረ በነዳት ፌራሪ ነበር። ከዚያ ወደ ውድ የስፖርት መኪና ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ማሩቲ ሱዙኪ ሴሌሪዮ ላይ አድርጎት ሕንድ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ አቅም የሚፈቅደው "አውቶማቲክ" ሆነ።

አሁን አንድ የማርሽ ለውጥ በዝግታ እንየው። በሁለተኛ እየሄዳችሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ሦስተኛ ይግባ ብሎ ወሰነ። መጀመሪያ ነዳጁን ይቀንሳል፤ እግራችሁ እንደረገጠ ቢሆንም። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ይከፍታል። ሁለተኛን ያወጣል፣ ዜሮ ላይ ያልፋል፣ ሦስተኛን ያስገባል። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይዘጋል። ነዳጁን ይመልሳል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ከሞተሩ ወደ ጎማው የሚሄድ ጉልበት የለም። ለዚህ ነው መኪናው ለአፍታ ትንፋሹን እንደዋጠ ሰው የሚሆነው፣ የናንተም ራስ ወደ ፊት ነቅነቅ የሚለው። ማንዋል ስትነዱም ይኸው ክፍተት አለ፤ ግን ራሳችሁ ስለምታደርጉት አይታወቃችሁም።

የሚያበርደው ዘዴ ቀላል ነው። ማርሹ ሊቀየር ሲል፣ የሞተሩ ድምፅ ይነግራችኋል፣ ነዳጁን በትንሹ ቀለል አድርጉለት። ልክ ማንዋል እንደምትነዱት። ሁለት ቀን ከለመዳችሁት ንቅናቄው ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ከማንዋል ጋር ሲነጻጸር

ነዳጅ ላይ ብዙም አይበላለጡም። ሞተሩና ጎማው የሚገናኙት በብረትና በሸራ ስለሆነ የሚባክን ጉልበት ትንሽ ነው። የካምቢዮ ዘይቱም ያው የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ነው፤ የአውቶማቲክ ዘይት አይገባበትም። በዘይት ግፊት የሚሠራው ግን ለመሣሪያው ብቻ የሚሆን ሌላ ዘይት አለው። ይህን የማያውቅ ሰው ዝቅ ብሎ ሳያይ ያልፈዋል።

ምቾቱ ላይ ኤ.ኤም.ቲ ይበልጣል። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በሥራ መውጫ ሰዓት በማንዋል የተጓዘ ሰው ግራ ጉልበቱ ይመሰክራል።

ማንዋል የሚበልጥባቸው ቦታዎች ግን አሉ፣ ለእኛ ኑሮ ቀላል አይደሉም። ባትሪ ቢደክምባችሁ ማንዋልን ጎረቤት ጠርታችሁ፣ ቁልቁለት ፈልጋችሁ፣ ገፍታችሁ ታስነሳላችሁ። ኤ.ኤም.ቲን አትችሉም። ፍሪሲዮኑን የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ነው። ባትሪው ከሞተ፣ ማርሽ ውስጥ እንደገባም ከቆመ፣ ጎማው ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይቀራል፤ መግፋት ራሱ ጣጣ ነው። ባትሪው ሳይሞት ደከም ሲልም ካምቢዮው የበሽታ ዓይነት ያወጣል። ማርሽ አልገባም ይላል፣ መብራት ያበራል። ስለዚህ የኤ.ኤም.ቲ ባለቤት የመጀመሪያ ጥርጣሬው ባትሪና የባትሪ ገመድ ላይ ይሁን። ካምቢዮ ይውረድ ከመባሉ በፊት።

ሌላው ጋራዥ ነው። የማንዋል ፍሪሲዮን የማይቀይር መካኒክ የለም። የኤ.ኤም.ቲ ፍሪሲዮን ሲቀየር ግን ሥራው ብረት በመግጠም አያልቅም። ኮምፒዩተሩ አዲሱ ሸራ የት ላይ መያዝ እንደሚጀምር በመመርመሪያ መሣሪያ መማር አለበት። ካሊብሬት ይደረግ የሚሉት ይህን ነው። የእህቴ መኪና መጀመሪያ የገባበት ጋራዥ ሸራውን፣ እሱን የሚጫነውን ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታውን አሳምሮ ቀየረና "ተጠናቋል" ብሎ መለሰልን። መኪናው ሲነሳ እንደ በቅሎ ይዘላል። ኮምፒዩተሩ ገና የተበላውን አሮጌ ሸራ እየነዳ ነበር። ሌላ ጋራዥ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፣ ከመሪው ስር ሰካ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መኪናው እንደ ሐር ተነሳ። አንድ ብሎን አልተነካም።

ከእውነተኛው አውቶማቲክ ጋር

እውነተኛ የምለው ቶርክ ኮንቨርተር ያለውን ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መሃል የሚቀመጠው ዘይት ነው። አንዱ ማራገቢያ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላውን ማራገቢያ ያዞራል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር ዘይቱ ይንሸራተታል እንጂ የሚበላ ሸራ የለም። ዳገት ላይ ቆማችሁ ብዙ ስትጠብቁ ዘይቱ ይሞቃል፣ ያም ጥሩ አይደለም። ግን ማቀዝቀዣ አለው፣ ይችለዋል። የአክስቴ ቪትስ የቻለው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ በከተማችን የሚጎላበት አንድ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ 3,000ን ታልፋላችሁ። አየሩ ስስ ነው። ተርቦ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ፣ የሌለው ሞተር እዚህ ከባሕር ዳርቻው ጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤ.ኤም.ቲ የሚገጠምላቸው ደግሞ ብዙዎቹ ባለ 1.0 እና ባለ 1.2 ሊትር ትናንሽ ሞተሮች ናቸው። አራት ሰው ጭኖ፣ ዳገት ላይ፣ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበት ያጥረዋል። ኮምፒዩተሩ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ሸራውን እያንሸራተተ ረጅም ጊዜ ይይዘዋል። ሸራው የሚበላውና የሚቃጠለው በዚያች ጊዜ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በተቃራኒው ከመነሻ ላይ የሞተሩን ጉልበት ያባዛል። ዳገት መነሻ የእሱ ሜዳ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ኤ.ኤም.ቲዎች፣ በተለይ የቆዩት፣ ፍሬን ስትለቁ በራሳቸው ወደፊት አይሳቡም። ዳገት ላይ ፍሬን ለቃችሁ ነዳጅ እስክትረግጡ ወደ ኋላ ሸርተት ይላሉ። አዳዲሶቹ ላይ ዳገት የሚይዝ ረዳት ፍሬን ይገጠማል፤ ይኑረው አይኑረው ጠይቁ። ከኋላችሁ የሚቆመው ባጃጅ አንድ ክንድ አይርቅም።

ታዲያ የቶርክ ኮንቨርተር ጉዳቱ? የድሮዎቹ ባለ አራት ማርሽ ናቸው፣ ነዳጅ ይወዳሉ። ዘይታቸው በሰዓቱ ካልተቀየረ ጥገናው ከፍሪሲዮን ቅየራ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሲበላሽ በደንብ ነው የሚበላሸው። የኤ.ኤም.ቲ ሸራ ግን ቢቃጠልም ሸራ ነው። ይቀየራል፣ ትሄዳላችሁ።

ሲ.ቪ.ቲና ዲ.ሲ.ቲ፣ በአጭሩ

ሲ.ቪ.ቲ ማርሽ የለውም። ሰንሰለት መሰል የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መሃል ይሄዳል፤ ፑሊዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ያስተካክላሉ። ልስላሴው ወደር የለውም፣ ከተማ ውስጥ ነዳጅ ይቆጥባል። የሚሞተው በተሳሳተ ዘይት ነው። የራሱ ዘይት አለው፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል። ያገለገለ ሲ.ቪ.ቲ ስትገዙ "ምን ዘይት ነው ስታደርጉበት የነበረው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ላይ ከተንተባተቡ እለፉት። በነገራችን ላይ አንዱ ቪትስ ተራ አውቶማቲክ፣ ሌላው ሲ.ቪ.ቲ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዓመቱና እንደ ሞተሩ ነው። ስሙን አይታችሁ አትወስኑ።

ዲ.ሲ.ቲ የኤ.ኤም.ቲ ሀብታም ወንድም ነው። ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ ሁለተኛ ማርሽን ሲነዳ ሌላው ሦስተኛን አስገብቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ያ ትንፋሽ የመዋጥ ነገር የለም። ግን ፍሪሲዮኖቹ ዘይት የሌላቸው ደረቅ ከሆኑ በዳገት ወረፋ የሚያገኛቸው ያው የእህቴ መኪና ዕጣ ነው። ጥገናው ደግሞ ይከብዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላሰበ ሰው ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። አንድ ቋሚ ማርሽ ብቻ ነው ያለው። ፍሪሲዮን የለም፣ የሚቀየርም የለም። ነገር ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ፣ ቤንዚን የሚፈልግ ሰው የሚገዛው አገር ውስጥ ያለውን፣ ሰው የነዳውን ነው። ስለዚህ ካምቢዮን ለይቶ ማወቅ ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ለማን የትኛው?

ውላችሁ የምትገቡት ሽሮ ሜዳ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ አካባቢ ከሆነ፣ በተለይ ማንዋል ነድታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ቶርክ ኮንቨርተር ፈልጉ። ትንሽ ነዳጅ ይብላ። ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምላችሁ።

ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም አዳማ የምትኖሩ ከሆነ ኤ.ኤም.ቲ ጥሩ ምርጫ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ወረፋው ከአዲስ አበባ ይቀላል፣ የነዳጅ ቁጠባው ይታያል።

ክፍለ አገር የሚመላለስ ሰውም ኤ.ኤም.ቲን አይፍራው። እንዲያውም አንድ የምወድለት ነገር አለ። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ስትወርዱ ዘንጉን ወደ ኤም፣ ማርሹን ራሳችሁ ወደምትመርጡበት ቦታ፣ ገፍታችሁ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ታስሩታላችሁ። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝላችኋል፤ ፍሬን ሳይግል ድልድዩ ጋ ትደርሳላችሁ። ማንዋል ነውና የሞተር ፍሬኑ እንደ ማንዋል ጠንካራ ነው። መቅደም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሲኖ ትራክ ኋላ ሆናችሁ ነዳጁን እስከ ታች ብትረግጡት መጀመሪያ የምታገኙት ጉልበት ሳይሆን ዝምታ ነው። ማርሽ እየቀነሰ ነው። ያች አንድ ሰከንድ ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅም ናት። ከመውጣታችሁ በፊት በኤም አንድ ማርሽ ቀንሱ፣ ሞተሩ መጮኹን አረጋግጡ፣ ከዚያ ውጡ።

በመኪና ትራንስፖርት ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ሰው? እኔ ብሆን ማንዋል ወይም ቶርክ ኮንቨርተር ነው የምይዘው። የሱዙኪ ዲዛየር ማንዋልም አለ፣ ኤ.ጂ.ኤስም አለ። ኤ.ጂ.ኤሱን የያዘ ሹፌር ዕረፍቱ ይበልጣል፤ ግን የሸራ ቅየራን ከጅምሩ በወጪው ውስጥ ያስገባ፣ ካሊብሬት የሚያደርግ ጋራዥም አስቀድሞ ያግኝ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው መኪና ሁሉ አውቶማቲክ ነው። በኤ.ኤም.ቲ ተፈትናችሁ መንጃ ፈቃድ ካወጣችሁ፣ ውስጡ ማንዋል ቢሆንም፣ ፈቃዳችሁ ላይ የአውቶማቲክ ገደብ፣ ኮድ 78፣ ሊጻፍበት ይችላል። ከመፈተናችሁ በፊት ማሠልጠኛውን ጠይቁ።

ያገለገለ ኤ.ኤም.ቲ ስታዩ

መጀመሪያ ለዩት። የማርሽ ዘንጉን ተመልከቱ። እውነተኛ አውቶማቲክና ሲ.ቪ.ቲ የፒ (የማቆሚያ) ፊደል አላቸው። አብዛኞቹ ኤ.ኤም.ቲዎች የላቸውም። አር (የኋላ)፣ ኤን (ዜሮ)፣ ከዚያ ዲ ወይም ኤ ወይም ኢ (ወደፊት መሄጃ)፣ ጎኑ ላይ ኤም ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር። ፒ ከሌለ ጆሯችሁን አቁሙ።

መኪናው ቀዝቅዞ እያለ ድረሱ። ሻጩ "አሙቄ ጠበቅኋችሁ" ካለ ሌላ ቀን ተመለሱ። ስታስነሱት ፍሬን ረግጣችሁ፣ ዘንጉ ኤን ላይ ሆኖ ነው። ወደ ዲ ስትወስዱት ወዲያው ይግባ፤ ቆም ብሎ ካሰበ ወይም ጓ ካለ መሣሪያው ደክሟል። በሩን ስትከፍቱ ለጥቂት ሰከንድ የሚያጉረመርም ፓምፕ ከሰማችሁ አትደንግጡ። በዘይት ግፊት የሚሠራው ዓይነት ነው። ያ ፓምፕ በየግማሽ ደቂቃው የሚነሳ ከሆነ ግን ግፊቱ እየሾለከ ነው።

ከዚያ ዳገት ይዛችሁት ውጡ። ሜዳ ላይ ሁሉም መኪና ጨዋ ነው። አጋማሹ ላይ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ተነሱ። ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ ሸራው ወይም ቮላኖው ተጎድቷል። በአራተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር ዳገቱን እየወጣችሁ ነዳጁን አጥብቃችሁ ርገጡ። የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ሸሽቶ ፍጥነቱ ባለበት ከቀረ ሸራው አልቋል። ይህን ፈተና በኤም አድርጉት፣ ኮምፒዩተሩ ማርሽ እንዳይቀንስባችሁ።

መጨረሻ ላይ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ላይ ኮምፒዩተሩ የሸራውን መበላት በቁጥር ያሳያል፤ የቀድሞ ስሕተቶችንም መዝግቦ ይዟል። ሻጩ ይህን ከከለከለ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አትግዙት።

ገዝታችሁ ስታቆሙትም ማንዋል መሆኑን አትርሱ። ፒ ስለሌለው ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ፣ የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ነው የምታጠፉት። ዳገት ላይ ጎማው ስር ድንጋይ ማድረግ ያሳፍራል ብላችሁ አታስቡ።

እህቴ መኪናውን አልሸጠችውም። አሁን ሽሮ ሜዳ ላይ ወረፋ ሲይዛት ፍሬን ትረግጣለች፣ ረዘም ካለ ዘንጉን ወደ ኤን ትመልሳለች፣ የእጅ ፍሬን ትይዛለች። ሚኒባሱ ሁለት መኪና ያህል ሲርቅላት ነው የምትነሳው። ከኋላ ክላክስ ይነፋባታል። ትተዋለች።